ስሌት ብርሃንን ሲከተል፦ የሞለኪውል ስፔክትረም ትንበያ ታሪክ

ስፔክትረም ማለት አንድ ነገር የሚያመነጨው ወይም የሚውጠው ብርሃን በየሞገድ ርዝመቱ ተለያይቶ ሲታይ የሚገኘው የቀለማትና የመስመሮች ድርድር ነው፤ እያንዳንዱ አቶምና ሞለኪውል የራሱ የሆነ ድርድር ስላለው፣ የኬሚስትሪና የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከ160 ዓመታት በላይ የነገሮችን ማንነት ሲለዩበት ኖረዋል። ይሁን እንጂ ይህን ድርድር ማንበብና ሳይታይ በስሌት መተንበይ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ ንባቡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲደላደል ትንበያው ግን እስከ ዛሬ አልተሟላም፤ ኳንተም ኮምፒውተርም የዚህ ያልተሟላ ሙያ አዲስ ምዕራፍ ነው።

የባቫሪያው መስታወት ሠሪ ዮሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከ500 በላይ ጥቋቁር መስመሮችን ቆጥሮ መዘገበ፤ ምክንያታቸው ግን አልታወቀም ነበር። ምስጢሩን የፈቱት በሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮበርት ቡንሰንና ጉስታፍ ኪርሆፍ ሲሆኑ፣ በ1859 እና በ1860 በፕላቲነም ሽቦ ጫፍ ላይ ጥቂት ጨው እየያዙ፣ ቀለም አልባ ነበልባል ባለው የቡንሰን የጋዝ ማንደጃ ላይ አግለው ብርሃኑን በፕሪዝም ውስጥ ይመለከቱ ነበር፤ መስመሮቹ የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር መለያ መሆናቸውን ያወቁትም በዚህ ነው። በ1860 በዱርክሃይም የማዕድን ውሃ ውስጥ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ሁሉ ያልመጡ ሁለት ሰማያዊ መስመሮችን አይተው አዲሱን ንጥረ ነገር ሲዚየም አሉት፤ ጥቂት ግራም ጨዉን ለማግኘትም ከ40 ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ማትነን አስፈልጓል። መስመሮቹ ግን ለዓይን የታዩት ከጥቂት ጠብታዎች ነበር።

የትንበያው ታሪክ የሚጀምረው የባዝል ከተማ መምህር የነበረው ዮሃን ባልመር በ1885 የሃይድሮጅንን አራት የሚታዩ መስመሮች በአንድ ቀላል ቀመር ሲያስር ነው። ኒልስ ቦር በ1913 መስመሮቹ ኤሌክትሮን ከአንድ የኃይል ደረጃ ወደ ሌላው ሲዘል የሚወጡ መሆናቸውን አስረዳ፤ ኤርቪን ሽሮዲንገርም በ1926 ደረጃዎቹን ለማስላት የሚያስችለውን እኩልታ አቀረበ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ፖል ዲራክ የኬሚስትሪ መሠረታዊ ሕግ በሙሉ እንደታወቀ፣ የቀረው ችግር እኩልታዎቹ ለመፍታት እጅግ የተወሳሰቡ መሆናቸው ብቻ እንደሆነ ጻፈ።

ያ «ብቻ» የተባለው ችግር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሃይድሮጅን ሞለኪውል ታሪክ ያሳያል። ይህ ከሁሉ የቀለለው ሞለኪውል የያዘው ሁለት ኤሌክትሮን ብቻ ነው። በኦታዋ ይሠራ የነበረው ጌርሃርት ሄርዝበርግ በ1960 ከሥራ ባልደረባው ጋር ሆኖ ሞለኪውሉን ለመበጠስ የሚያስፈልገውን ኃይል ከስፔክትረሙ ለክቶ፣ በሙያው ልማድ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ በሚቆጠሩ ሞገዶች ሲገለጽ 36,113.6 አገኘ። ፖላንዳውያኑ ኮዎስና ቮልኒየቪች ግን በ1968 ያሳተሙት ስሌት 36,117.4 ሰጠ። ልዩነቱ ከአሥር ሺህ አንድ ያህል ቢሆንም ሄርዝበርግ አላለፈውም፤ ልኬቱን በተሻለ መሣሪያ ደግሞ በ1970 ስሌቱ ትክክል እንደነበር አረጋገጠ። በሞለኪውል ስፔክትረም ታሪክ ስሌት ልኬትን ካረመባቸው ጊዜያት ይህ እጅግ የከበረው ነው።

የኤሌክትሮኖቹ ቁጥር ሲጨምር ግን እንዲህ ያለው ጥራት ይርቃል። ኤሌክትሮን ሊይዘው የሚችል እያንዳንዱ ስፍራ ወይ የተያዘ ወይ ባዶ ስለሆነ፣ 50 ስፍራዎች ከ1,100 ትሪሊዮን የሚበልጡ አማራጮችን ይፈጥራሉ። ሪቻርድ ፋይንማን በ1981 ባደረገው ንግግር የኳንተምን ተፈጥሮ ለመምሰል ራሱ በኳንተም ሕግ የሚሠራ ማሽን እንደሚያስፈልግ ያመለከተው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ኳንተም ኮምፒውተር የተባለው የዚህ ማሽን መሠረታዊ አሃድ የሆነው ኩቢት ዜሮንና አንድን በአንድነት አጣምሮ መያዝ ስለሚችል፣ አንድን ስፍራ በአንድ ኩቢት መወከል ይቻላል። አላን አስፑሩ-ጉዚክና ባልደረቦቹም በ2005 የውሃንና የሊቲየም ሃይድራይድን የኃይል ደረጃ በዚህ መንገድ ማስላት እንደሚቻል በተራ ኮምፒውተር ላይ አስመስለው አሳዩ።

ሙከራው የተጀመረው ከዚያው ከሃይድሮጅን ነው። በ2010 የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው ፎቶን በተባሉ የብርሃን ቅንጣቶች፣ በ2018 ደግሞ የበርክሊ ተመራማሪዎች ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት ከሚያሳልፍ ቁስ (ሱፐርኮንዳክተር) በተሠሩ ሁለት ኩቢቶች የሞለኪውሉን ደረጃዎች አሰሉ። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ያሳተሙት ሥራ ሌላ ብልሃት የያዘ ነበር፤ የሞለኪውል አቶሞች እንደ ጅማት ስለሚንዘፈዘፉ፣ ያን ንዝረት በማይክሮዌቭ ንዝረት ወክለው የውሃን፣ የኦዞንን፣ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድንና የሰልፈር ዳይኦክሳይድን ስፔክትረም ከማሽኑ አነበቡ።

እነዚህ ሞለኪውሎች ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት አቶም ብቻ ያላቸው ሲሆኑ፣ ተራ ኮምፒውተርም በደንብ ያሰላቸዋል፤ ኩቢቶች በትንሽ ሙቀትና ሁከት ስለሚሳሳቱ ከዚህ ርቆ መሄድ ገና አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የኳንተም ኮምፒውተር ዋጋ በኩቢቶቹ ብዛት ሊመዘን አይገባም። መመዘኛው ኮዎስና ቮልኒየቪች በወረቀትና በዘመናቸው ኮምፒውተር ያደረጉት ነው፦ ልኬተኛው መሣሪያውን አንሥቶ ዳግም እንዲለካ የሚያስገድድ ቁጥር ማውጣት። ኳንተም ኮምፒውተር እንዲህ ያለ ቁጥር ገና አላወጣም።