የተሰነጠቀችው ጠረጴዛ

አባቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነቅሎ አሶሳ ሲሰፍር አናጢነቱን ይዞ መጣ። የመጀመሪያዋ የዋንዛ ጠረጴዛው ግን በጋ ሲገባ ተሰነጠቀች። ገበታዋን ከሥሯ አግዳሚዎች ጋር በሚስማርና በኮላ (ቃሉን ከጣልያን ወርሰነዋል) ጠፍሮት ነበርና። እንጨት በክረምት ወርዱ ይሰፋል፣ በበጋ ይጠባል፤ መላወሻ ካጣ ይተረተራል።

የጥንት ግብፃውያን ዕቃቸውን በርግብ ጅራት ቅርጽ ያጋጥሙ ነበር። ተንሸራታቹ ዓይነት ለአባቴ ችግር የታሰበ ይመስላል፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ቦይ ይወጣል፤ አግዳሚው በዚያው ቅርጽ ተጠርቦ ከጎን ይገፋበታል፤ ኮላ መሐሉ ላይ ብቻ።

ዛሬ ቦዩን የምናወጣው በራውተር ነው፤ እሱ ግን መሪ ይሻል። ሁለት ቀጥ ያሉ ጣውላዎች በመሣሪያው እግር ስፋት አራርቄ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ በማዕዘን ልክ ቸነከርኩ። የርግብ ጅራቱ ምላስ በሙሉ ጥልቀቱ ይነዳል፤ መሐል ላይ ብድግ ካደረጉት ቦዩ ተበላሸ ማለት ነው።

አባቴ መሪውን አገላብጦ አየና አሮጌዋን ጠረጴዛ ደፍቶ እርሳስ አነሣ።