መርዝ የዋጠ ውሻ በአትላንታ፦ የማርከሻው ታሪክ

በአትላንታ መርዝ የዋጠ ውሻ የሚታከምበት ዘዴ በአብዛኛው ከሰው ሕክምና የተወሰደ ነው። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ግን መጀመሪያ ለውሻ ተፈቅዶ በኋላ ለሰው ተርፏል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ (ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለሰውም ለውሻም የሚደረገው በጓዳ የተገኘውን መስጠት ነበር፦ በውሃ የተበጠበጠ ሰናፍጭ፣ የጨው ውሃ፣ የእንቁላል ነጩ ክፍል፣ ወተት። ያረረ ዳቦ፣ ወፍራም ሻይና ማግኒዥያ ተቀላቅለው የማይረቱት መርዝ የለም ተብሎ ይታመን ነበር። በእኛም አገር መርዝ ለበላ ወተት ማጠጣት እስካሁን አልቀረም። ያረረ ዳቦ ግን መርዝ የሚመጠውን የመድኃኒት ከሰል አይተካም፤ ጨው ደግሞ ሲበዛ ራሱ ውሻን ይገድላል።

በጥቅምት 1951 በአትላንታ የደረሰው መዓት ስለ መርዝ ብዙ አስተማረ። ፋት ሃርዲ በሚል ቅጽል የሚታወቅ የድብቅ አረቄ ነጋዴ ለፋብሪካ አገልግሎት የሚውለውን ሜታኖል ከመጠጥ ጋር ቀላቅሎ ሸጠ። ጠጪዎቹ በአብዛኛው የከተማዋ ድሃ ጥቁሮች ነበሩ። በጥቂት ቀናት ውስጥ 323 ሰዎች በ1892 ሥራ በጀመረው በግሬዲ ሆስፒታል ታዩ፤ 41ዱ ሞቱ፤ ከተረፉትም ዓይናቸው የጠፋ ነበሩ። ሃርዲ በነፍስ ግድያ ተከሶ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። የሆስፒታሉ ሐኪሞች የሕሙማኑን ሁኔታ አጥንተው በ1953 ያሳተሙት ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ዋና መጠቀሻ ሆኖ ቆየ። ሞትን የሚወስነው በደም ውስጥ የሚከማቸው አሲድ መሆኑን በግልጽ አሳይቷል። ሜታኖል ራሱ ያን ያህል አይጎዳም፤ ጉበት ሲፈጨው የሚወጣው ፎርሚክ አሲድ ነው ገዳዩ። መፍጫው ኢንዛይም በሌላ ነገር ከተያዘ መርዙ ሳይለወጥ ቀስ በቀስ ከሰውነት ይወጣል። ኢንዛይሙ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወደው ተራውን የመጠጥ አልኮል ስለሆነ በሜታኖል የተመረዘን ሰው በአልኮል ማከም የተለመደ ሆነ።

ውሻ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በመኪና ራዲያተር በኩል ነው። አንቲፍሪዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ ነው፤ ውሻ ጋራዥ ወለል ላይ የፈሰሰውን ካገኘ ይልሰዋል። የአትላንታ ክረምት ለስላሳ ቢሆንም በጋው ራዲያተር የሚያፈላ በመሆኑ ፈሳሹ ዓመቱን ሙሉ ከመኪና አይጠፋም። ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ4 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ አንቲፍሪዝ ውሻን ለመግደል ይበቃል። የላሰው ውሻ በመጀመሪያ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ያስመልሰዋል፣ ውሃ ውሃ ይላል። ከሰዓታት በኋላ የተሻለው ይመስላል፤ ባለቤቱን የሚያዘናጋውም ይህ ነው። በዚያው ጊዜ ያው ኢንዛይም መርዙን ወደ ኦክሳሊክ አሲድ እየለወጠው፣ አሲዱም ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ እንደ ብርጭቆ ስባሪ የሾሉ ፍሬዎች በኩላሊት ውስጥ እየሠራ ነው። በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሽንት ይቆማል። የእንስሳት ሐኪሞች ሽንቱን በማይክሮስኮፕ አይተው ፍሬዎቹን ይፈልጋሉ። ብዙ አምራቾች ራዲያተር የሚያንጠባጥብበትን ቦታ ለማግኘት የሚያበራ ቀለም ስለሚጨምሩ የውሻውን አፍና መዳፍ በአልትራቫዮሌት መብራት ማየትም ይረዳል።

ለዚህ መርዝ የእንስሳት ሐኪሞች የነበራቸው ማርከሻ ያው አልኮል ነበር፤ በደም ሥር ለቀናት የሚሰጥ፣ ቀድሞውንም የሰከረውን ውሻ ይበልጥ የሚያሰክርና ትንፋሹን የሚያዳክም። መፍትሔው ፎሜፒዞል ሆነ፤ ኢንዛይሙን ያለ ስካር ይዞ የሚያቆይ መድኃኒት ነው። በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በውሾች ላይ ከተጠና በኋላ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ1996 ለውሻ ፈቀደው። ለሰው የተፈቀደው በ1997 ሲሆን፣ የግሬዲን በሽተኞች ለገደለው ለሜታኖል ደግሞ በ2000 ተፈቀደ። ውሻው በ8 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ኩላሊቱ ከተጎዳ በኋላ ግን መድኃኒቱ እምብዛም አይጠቅምም፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ፈሳሹን የሚያስጠላ ማድረግም ተሞከረ። ዲናቶኒየም ቤንዞኤት የሚባለው እጅግ መራራ ቅመም በአንቲፍሪዝ እንዲጨመር ጆርጂያን ጨምሮ በርካታ ግዛቶች ሕግ አወጡ፤ በ2012 መጨረሻም አምራቾች በመላ አገሪቱ ሊጨምሩት ተስማሙ። ምሬቱ ጥቂት ሊያርቅ ይችላል፤ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ውሻ ግን በምሬት ብቻ ይመለሳል ማለት ያስቸግራል።

መርዝ ሲዋጥ ተደውሎ የሚጠየቀው የስልክ ምክር የመጣው በሌላ በኩል ነው። የመጀመሪያው የመርዝ መረጃ ማዕከል በ1953 በቺካጎ ተከፈተ፤ የጆርጂያው በ1970 በአትላንታ በግሬዲ ተቋቋመ። የተቋቋመው ለሕፃናትና ለአዋቂዎች ቢሆንም የቤት እንስሳ ጥሪም ይቀበላል። በ2002 መላው አገር በ1-800-222-1222 ተሳሰረ። ለእንስሳት ብቻ የተለየው ማዕከል በ1978 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሮ፣ በ1996 በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ የሚከላከለው የአሜሪካ ማኅበር ተረከበው፤ ይኸኛው ያስከፍላል። የጥሪ መዝገቡ ሳይታሰብ የምርምር ምንጭ ሆነ፦ ወይንና ዘቢብ የውሻን ኩላሊት እንደሚጎዱ የታወቀው ከእነዚህ ጥሪዎች ነው፤ ለእንስሳት ሐኪሞች የተነገረውም በ2001 ነው።

የአይጥ መርዝ ታሪክ ግን ዞሮ ገጠም ነው፤ ማርከሻ ከሌለው መርዝ ተነሥቶ ማርከሻ ወዳለው ሄዶ፣ ተመልሶ ማርከሻ ወደሌለው መጥቷል። በ1940ዎቹ ለአይጥ ማጥፊያ ያገለግል የነበረው 1080 የተባለው መርዝ ማርከሻ አልነበረውም። ከ1948 በኋላ የመጣው ዋርፋሪን የሚገድለው ደም እንዳይረጋ በማድረግ ስለሆነ የበላውን ውሻ ቫይታሚን ኬ ያድነው ነበር። ከዚያ የተከተሉት እንደ ብሮዲፋኩም ያሉት ለሳምንታት በሰውነት ስለሚቆዩ ሕክምናው ረዘመ። በ2008 የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እነዚህን ከቤት ሸማቾች ለማራቅ ሲወስን ደግሞ ብሮሜታሊን ቦታቸውን ያዘ፤ አንጎልን ያሳብጣል፣ ማርከሻም የለውም። ስለዚህ የካርቶኑን ስም ማንበብ ዛሬ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ማስታወክም የራሱን መንገድ ተጉዟል። ከ1965 ጀምሮ በየመድኃኒት ቤቱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጥ የነበረውን የሚያስታውክ የአይፔካክ ሽሮፕ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች በ2003 እንዳይሰጥ መከሩ። ለውሻ በክሊኒክ የሚሰጠው ከሞርፊን የሚሠራው አፖሞርፊን ሲሆን፣ በ2020 በዓይን የሚንጠባጠብ ሮፒኒሮል ተፈቀደ። በቤት 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚሰጠው ሐኪም ሲያዝ ብቻ ነው። በረኪና፣ የቧንቧ ማጽጃ ወይም ቤንዚን የጠጣ፣ የደነዘዘ ወይም የሚንቀጠቀጥ ውሻ እንዲያስታውክ አይደረግም፤ የሚያቃጥለው ሲመለስ ጉሮሮን ዳግም ያቃጥላል፣ ቤንዚኑም ወደ ሳንባ ይገባል።

በአትላንታ አቅራቢያ በክላርክስተንና በአካባቢው ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤት የሚታከል አንድ ነገር አለ፦ የተረፈ ወጥ። በቁሌቱ ውስጥ የሟሟው ሽንኩርት ቢበስልም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፤ የደም ማነሱም ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው የሚታየው። ለደወለ ሰው ማዕከሉ የሚጠይቀው ያው ነው፦ የውሻው ክብደት ስንት ነው፣ ምን በላ፣ ምን ያህል፣ መቼ።