ስለ ዊልደርነስ ሮድ አጭር ታሪክ

ስለ አሜሪካ ታሪክ ስንማር፥ ወደ ኬንታኪ የሚወስደውን መንገድ ያወጣው ዳንኤል ቡን የተባለ አዳኝ ነው ተብለን ነበር። መንገዱ ዊልደርነስ ሮድ ይባላል፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የምድረ በዳ መንገድ» ማለት ነው። አገሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ ደን ስለ ነበረ ስሙ መጀመሪያ አሳስቶናል።

ለመሆኑ መንገዱን ያወጣው ቡን ነውን? የአፓላችያን ተራራ አንድ ስፍራ ላይ ዝቅ ብሎ ማለፊያ ይሰጣል፤ ይህም የከምበርላንድ በር ይባላል። በዚህ በር ጎሾች ግጦሽና ጨው ፍለጋ ሲመላለሱ ኖረዋል። ቸሮኪ፥ ሾኒና ሌሎችም ነገዶች ለአደንና ለጦርነት ተመላልሰውበታል። ሐኪሙ ቶማስ ዎከር በ1750 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) እዚያ ሲደርስ የተረገጠ መንገድ አግኝቷል።

የእንግሊዝ ንጉሥ በ1763 ዓ.ም. ሰፋሪዎች ከተራራው ወዲያ እንዳይሻገሩ አውጆ ነበር። ሪቻርድ ሄንደርሰን የተባለ ሰው ግን በ1775 ዓ.ም. በማርች ወር 20 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት፥ 10,000 ፓውንድ ያወጣል በተባለ ዕቃ ከቸሮኪ ሽማግሌዎች ገዛሁ አለ። ከአለቆቹ የአንዱ ልጅ ድራጊንግ ካኑ ሽያጩን አልቀበልም ብሎ ኋላ ለብዙ ዓመታት ተዋጋ። ውሉ ገና ሳይፈረም ቡን መጥረቢያ የያዙ 30 ያህል ሰዎች አስከትሎ ተነሥቶ ነበር። ከሆልስተን ወንዝ እስከ ኬንታኪ ወንዝ 200 ማይል ያህል ዛፍና ሸምበቆ እየቆረጡ ሄዱ። በማርች 25 ቀን ጎሕ ሳይቀድ በሰፈራቸው ላይ ተኩስ ወረደባቸው፤ በዚህም አንድ ሰፋሪና ሳም የሚባለው ባሪያው ሞቱ። ሳም ከዚያ መሬት አንዳች ድርሻ እንደማይጠብቅ ግልጽ ነው።

መንገዱ ሠረገላ የሚያሳልፍ የሆነው በ1796 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤተሰቦች በእግርና በፈረስ ብቻ ያልፉ ነበር። ቢሆንም ኬንታኪ በ1792 ዓ.ም. 15ኛዋ ግዛት ሆነች፤ በ1800 ዓ.ም. ከ220,000 በላይ ሰው ተቆጠረባት፤ 40,000 ያህሉ ባሪያዎች ነበሩ።

እኛን ከሁሉ የገረመን የቡን መጨረሻ ነው። የሄንደርሰንን ግዢ የቨርጂኒያ መንግሥት በ1778 ዓ.ም. ሻረው። ቡንም ቢሆን በወረቀት ጉድለትና በክርክር ብዛት መሬቱን አጥቶ፥ በ1799 ዓ.ም. እስፓኞች ወደሚገዙት ወደ ሚዙሪ ተሰደደ።

በ1996 ዓ.ም. ከተራራው ሥር የመኪና ዋሻ ተከፈተ። በበሩ ላይ የነበረው አስፋልት ተነሥቶ ዛፍ ተተከለበት፤ ዛሬ እዚያ የሚታለፈው እንደ ጥንቱ በእግር ነው።