ሥራ የፈታ ነርቭ

ጡቷን በቀዶ ሕክምና የምታተልቅ ሴት ከምትፈርመው ቅጽ ላይ አንድ መስመር አይጠፋም፦ የጡት ጫፍ ስሜት ሊለወጥ ይችላል። “ሊለወጥ” የምትለው ቃል ብዙ ጉድ ትሸፍናለች። አንዷ ጫፉን ብትቆነጥጠው እንኳ ምንም አይሰማትም። ሌላዋን የሸሚዟ ጨርቅ ብቻ እንደ ሳማ ይለበልባታል። ሦስተኛዋ አንዱ ጡቷ ደህና ሆኖ ሌላው ደንዝዟል። ለሦስቱም የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ “ነርቭ ተነክቶ ነው” እንላለን። “ነርቭ ተነካ” ሲባል ደግሞ ሰሚው የሚረዳው “አለቀ፣ አይመለስም” የሚለውን ነው።

ሐኪሞች እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ቃል አላቸው፤ ኒውራፕራክሲያ። እኔ “የነርቭ ሥራ መፍታት” ብየዋለሁ።

ቃሉ የተሠራው ከግሪክኛ ነው። “ኒውሮን” ነርቭ፣ “ፕራክሲስ” ሥራ ወይም ድርጊት፣ መሐል ላይ የገባችው “አ” ደግሞ አፍራሽ ናት። እንዳለ ቢመለስ “የነርቭ አለመሥራት” ይሆናል። ግን የተሰበረ ወፍጮም አይሠራም። ሥራ የፈታ ሰው ከዚህ ይለያል፤ ሙያው አብሮት አለ፣ እጅ እግሩ ደህና ነው፣ መንገዱ ሲከፈትለት ይመለሳል። ኒውራፕራክሲያም የሚለው ይህንኑ ነው። “ሥራ ፈት ስድብ አይደለም ወይ?” ብሎ የሚሞግተኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። “ፈት” ሳልል “መፍታት” ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ ነርቩን ከባሏ ከተፋታች ሴት ጋርም ማምታታት አልፈለግሁም።

ቃሉን ያስለመደው እንግሊዛዊው የአጥንት ሐኪም ኸርበርት ሴዶን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦክስፎርድ ላይ ነርቫቸው የተጎዳ ቁስለኞችን ያክም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 “ብሬን” በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው። ክፍፍሉን ለመረዳት ነርቭን እንደ መብራት ሽቦ ማሰብ ይበቃል። መሐሉ ላይ መልእክት የሚያደርስ ቀጭን ክር አለ። ክሩን ሚየሊን የሚባል ቅባታማ ልባስ ይጠቀልለዋል። ሁሉንም አቅፎ የያዘ ሽፋን ከውጭ አለ። በኒውራፕራክሲያ የሚጎዳው ልባሱ ነው፤ ነርቩ ሲለጠጥ ወይም ሲጫነው አንድ ቦታ ላይ ይጎዳና መልእክቱ እዚያ ይቆማል። ክሩ አልተነካም። ልባሱ ሲጠገን ስሜቱ ይመለሳል፤ አንዳንዴ በቀናት፣ ብዙ ጊዜ በሳምንታት፣ ቢዘገይ በሦስት ወር ገደማ።

ሁለተኛው ደረጃ አክሶኖትሜሲስ ነው፤ “የነርቭ ክር መበጠስ” ልንለው እንችላለን። ክሩ ይበጠሳል፣ ሽፋኑ ግን ስለሚቀር አዲስ ክር በዚያው ቦይ ውስጥ ያድጋል። ዕድገቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 10 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ ከሦስት ወር በላይ ይፈልጋል። ሦስተኛው ኒውሮትሜሲስ፣ “የነርቭ መቆረጥ”፣ ሁሉም የሚበጠስበት ነው።

ታዲያ ጦር ሜዳ የተወለደ ቃል ከጡት ምን አገናኘው? የጡት ጫፍ ስሜቱን በዋናነት የሚያገኘው ከአራተኛው የጎድን አጥንት በታች ከሚመጣ ነርቭ ነው፤ የሦስተኛውና የአምስተኛው ጎረቤቶቹም ያግዙታል። ዋናው ቅርንጫፍ በደረት ጎን በኩል ብቅ ብሎ ወደ ጫፉ ይሄዳል። ቶማስ ክሮኒንና ፍራንክ ጌሮው እ.ኤ.አ. በ1962 ሂውስተን ውስጥ የመጀመሪያውን የሲሊኮን ከረጢት በሴት ጡት ውስጥ ካስገቡ ወዲህ ከረጢቱም፣ የመቁረጫው ቦታም ብዙ ተሻሽሏል። ከጡት ሥር ካለው እጥፋት፣ ጫፉን ከከበበው ጠቆር ያለ ቆዳ ጠርዝ ወይም ከብብት ሊገባ ይችላል። በየትም በኩል ቢገባ ግን ለከረጢቱ ኪስ መከፈት አለበት፤ ኪሱ ወደ ጎን በሰፋ ቁጥር ነርቩ ይቀርባል፣ ከረጢቱ በተለቀ ቁጥር ነርቩ ይለጠጣል። ሴትየዋ “ትልቁን” ስትመርጥ አብራ የምትመርጠው ይህንንም ነው፤ ይህ በግልጽ ሊነገራት ይገባል እላለሁ።

የሳማው ነገር ግን በዚህ ቃል አይሸፈንም። እሱን ሃይፐርስቴዥያ ይሉታል፤ ሥራ የፈታ ሳይሆን ሥራ የበዛበት ነርቭ ነው። የደነዘዘው ጡት መንቃት ሲጀምርም ውርር ማለት፣ መንዘር፣ እንደ መርፌ ጠቅ ማድረግ ስለሚኖር ብዙዎች ባሰብኝ ብለው ይደነግጣሉ።

ጉዳዩ ልብስና ፍቅር ላይ ብቻ አይቆምም። ሕፃን ሲጠባ መልእክቱ ወደ አንጎል የሚወጣው በዚሁ ነርቭ ነው፤ አንጎልም ኦክሲቶሲን ለቆ ወተቱን ያስወርዳል። ገና መውለድ የምታስብ ሴት መቁረጫው በየት በኩል እንደሚሆን የምትጠይቅበት በቂ ምክንያት አላት።

የቃሉ ችግር ስሙ የሚጸናው ዘግይቶ መሆኑ ነው። ቀዶ ሕክምናው በተደረገ ሰሞን ሥራ የፈታው ነርቭም፣ የተበጠሰውም፣ የተቆረጠውም በሴትየዋ ዘንድ አንድ ዓይነት ድንዛዜ ናቸው። ሐኪሙ በቀጫጭን የናይለን ክሮች ጫፉን ጠቅ ጠቅ እያደረገ የትኛው እንደሚሰማት ይመዘግባል፣ ከወር በኋላ ይደግመዋል፣ መዝገቦቹን ያስተያያል። በሦስተኛው ሳምንት “ኒውራፕራክሲያ ነው” ካለ ተስፋውን ነው የነገራት። በሦስተኛው ወር ስሜቱ ከተመለሰ ልክ ነበረ። ዓመት አልፎ ሁለተኛው ሲገባ ጫፉ እንደደነዘዘ ካለ ግን ያ ነርቭ ቀድሞውንም ሥራ የፈታ አልነበረም።