የስክሪን ጥራት መቀነስ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተር

የስክሪን ጥራት መቀነስ፣ በብዙዎች አነጋገር «ሪዞሉሽን መውረድ»፣ አንድ ሞኒተር ማሳየት ከሚችለው የፒክስል ብዛት በታች ሲሠራ የሚፈጠር የምስል ችግር ነው። ፊደላት ያብጣሉ፣ ጠርዛቸው ይደበዝዛል፣ አይከኖች ከልክ በላይ ይተልቃሉ፣ የመስኮቶች የታችኛው ክፍልም ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞኒተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። መንስኤው ግን በብዛት የድራይቨር መጥፋት፣ የኬብል ጉድለት ወይም የሴቲንግ ስህተት ስለሆነ ያለ ምንም ወጪ ወይም በአንድ ኬብል ዋጋ ይስተካከላል። ከዚህ በታች የችግሩ ምንነትና መፍትሔው፣ በኦማን ዋና ከተማ በታላቋ ሙስካት ካለው ሁኔታና ከአማርኛ ጽሑፍ ጠባይ ጋር ተያይዞ ቀርቧል።

የፒክስል ብዛትና ትክክለኛው ጥራት

በአሁኑ ጊዜ የሚሠራባቸው ጠፍጣፋ ሞኒተሮች የነጥቦቻቸው ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጡ የተወሰነ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ሞኒተር 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። ኮምፒዩተሩ 1024 በ768 ብቻ ከላከ ግን የሚደርሰው 786,432 ነጥብ፣ ማለትም ከአምስት ሁለት እጅ የማይሞላ ነው። ሞኒተሩ ይህን ለጥጦ ሙሉውን ስክሪን ለመሸፈን ሲሞክር አንዷ ነጥብ ለሁለት ጎረቤት ፒክስሎች ሳትበቃ ትከፋፈላለች፤ ብዥታው የሚመጣው ከዚህ ነው። የ4 ለ3 ምስል በ16 ለ9 ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ደግሞ የሰው ፊት ይሰፋል፣ ክብ ነገር ይሞላልላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጠፍጣፋ ሞኒተር ትክክለኛው ጥራት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከፋብሪካው የወጣበት ነው።

የስክሪኑ ስፋትም ዓይንን ያታልላል። ባለ 24 ኢንች ሞኒተር በ1920 በ1080 ሲሠራ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ያህል ፒክስሎች ይኖሩታል። በዚያው ጥራት ባለ 27 ኢንች ሲሆን ቁጥሩ ወደ 82 ይወርዳል። ትልቁ ሞኒተር ፊደሉን ሻከር አድርጎ ቢያሳይ ብልሽት የለበትም። በ27 ኢንች ላይ ጥርት ያለ ጽሑፍ ለሚፈልግ 2560 በ1440 የተሻለ ነው፤ በኢንች 109 ያህል ፒክስል ይሰጣል።

ዋና ዋና መንስኤዎች

የመጀመሪያው የግራፊክስ ድራይቨር አለመኖር ነው። ኮምፒዩተር ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን፣ ለግራፊክስ ካርዱ የተሠራው ድራይቨር እስኪገባ ድረስ ስርዓቱ በማይክሮሶፍት መሠረታዊ ድራይቨር ይሠራል። ያኔ የሚቀርቡት ምርጫዎች ጥቂት ይሆናሉ፤ 800 በ600 ወይም 1024 በ768 ላይ ተጣብቆ መቅረትም የተለመደ ነው።

ሁለተኛው በሞኒተሩና በኮምፒዩተሩ መካከል ያለው መተዋወቅ መቋረጡ ነው። እያንዳንዱ ሞኒተር ስሙንና የሚችላቸውን ጥራቶች የሚናገር፣ ኢዲአይዲ የሚባል አጭር መረጃ በውስጡ ይዟል፤ መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን ካላነበበ ከማንኛውም ሞኒተር ጋር የሚስማማ ዝቅተኛ ጥራት ይመርጣል። በቪጂኤ ኬብል ይህ መረጃ የሚያልፈው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን ነው። ከሁለቱ አንዱ ከተጣመመ፣ ከተሰበረ ወይም በርካሽ ኬብል ውስጥ ጭራሹን ሽቦው ካልተዘረጋ ምስሉ ይመጣል፤ ጥራቱ ግን አይመጣም።

ሦስተኛው የመስመሩ አቅም ነው። ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 በአይቢኤም ኮምፒዩተሮች የመጣ የአናሎግ መስመር ሲሆን በረዥም ወይም በደካማ ኬብል ጥላና ብዥታ ያመጣል። በ1999 የወጣው ዲቪአይ በነጠላ መስመሩ እስከ 1920 በ1200፣ በድርብ መስመሩ እስከ 2560 በ1600 ያደርሳል። ኤችዲኤምአይ በ2002፣ ዲስፕሌይፖርት በ2006 ተከተሉ። በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 የ4ኬ ምስልን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ሲያድስ፣ የ2013ቱ 2.0 ወደ 60 አሳድጎታል። የ4ኬ ሞኒተር ገዝቶ በአሮጌ ኬብል ወይም በአሮጌ ካርድ ያገናኘ ሰው የከፈለበትን ጥራት አያገኝም።

አራተኛው የአጠቃቀም ስህተት ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ባለው ኮምፒዩተር ላይ ኬብሉ በካርዱ ፈንታ በማዘርቦርዱ ሶኬት ሊሰካ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ከፕሮጀክተር ጋር በአንድ ዓይነት ምስል ሲሠራም ሁለቱ በሚስማሙበት ዝቅተኛ ጥራት ይገናኛሉ፤ ፕሮጀክተሩ ከተነቀለ በኋላ ጥራቱ እዚያው የሚቀርበት ጊዜ አለ። ቴሌቪዥንን እንደ ሞኒተር መጠቀምም ራሱን የቻለ ምክንያት ነው፤ ብዙ ትንንሽ ቴሌቪዥኖች በ1366 በ768 የተሠሩ ሲሆኑ የምስሉን ጠርዝ የመቁረጥ ልማድም አላቸው።

ችግሩን የማጣራት ቅደም ተከተል

ከሁሉ አስቀድሞ የሞኒተሩን የራሱን ሜኑ በቁልፎቹ መክፈት ይገባል። ይህን ሜኑ የሚስለው ሞኒተሩ ራሱ ስለሆነ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ከታየ ስክሪኑ ጤነኛ ነው፤ ጉድለቱ ያለው ከዚያ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። በሜኑው የመረጃ ክፍል እየገባ ያለው ጥራት ስለሚጻፍ ከሞኒተሩ ትክክለኛ ጥራት ጋር ማመሳከር ይቻላል።

ቀጥሎ በዴስክቶፑ ባዶ ቦታ ላይ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭኖ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ይከፈታል። ከጥራት ዝርዝሩ «የሚመከር» የሚል ምልክት ያለበት ይመረጣል። አዲሱ ምርጫ በ15 ሴኮንድ ውስጥ ካልተረጋገጠ ዊንዶውስ በራሱ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል፤ ስክሪኑ ቢጨልም ምንም ሳይነኩ መጠበቅ ይበቃል። ጥራቱ ትክክል ሆኖ ነገሮች ብቻ ከተለቁ ወይም ካነሱ መታየት ያለበት በ100፣ በ125 ወይም በ150 በመቶ የሚቀመጠው የማጉያ መጠን ነው። ፊደል ለማተለቅ ጥራቱን ዝቅ ማድረግ የተሳሳተ መንገድ ነው፤ ማጉያው የተሠራው ለዚሁ ነው።

የሚፈለገው ጥራት በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ዲቫይስ ማናጀር ተከፍቶ የግራፊክስ ካርዱ ስም ይታያል። በስሙ ቦታ የማይክሮሶፍት መሠረታዊ ድራይቨር ከተጻፈ ከኢንቴል፣ ከኤኤምዲ ወይም ከኤንቪዲያ፣ አለዚያም ከኮምፒዩተሩ አምራች ድረ ገጽ ትክክለኛውን ድራይቨር አውርዶ መጫን ያስፈልጋል። ድራይቨር እናገኛለን ከሚሉ የማይታወቁ ፕሮግራሞች መራቅ ይገባል። ለጊዜው የተዛባ ምስልን ለማስተካከል ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ መጫን ድራይቨሩን እንደገና ያስነሳል።

ድራይቨሩ ትክክል ሆኖም ጥራቱ ካልመጣ ተራው የኬብሉ ነው። መቀየሪያ ወይም ማከፋፈያ ካለ ተነቅሎ በቀጥታ ይሞከራል፤ ከዚያ በሌላ ኬብል፣ በመጨረሻም ሞኒተሩ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ይሞከራል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር መንስኤውን ለይቶ ያሳያል። በቪጂኤ የተገናኘ ሞኒተር ላይ ራስ አስተካካይ ቁልፉን መጫን ብዙ ጊዜ ብዥታውን ያጠራል። በቴሌቪዥን ላይ ደግሞ የምስል ስፋት ምርጫው ምንም ሳይቆርጥ ሙሉውን እንዲያሳይ ይደረጋል።

በታላቋ ሙስካት

 

የከተማዋ አየር በቀጥታ ከጉዳዩ ጋር ይያያዛል። ሙስካት በኦማን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያለች በመሆኗ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ እርጥበቱም ብርቱ ነው። ጨው ያዘለ የባሕር አየር የሶኬትና የኬብል ጫፎችን ቀስ በቀስ ያዝጋል፤ ቀጫጭኖቹ የመረጃ ፒኖች ሲያዝጉ ሞኒተሩ መታወቁን ያቆማል። በኤር ኮንዲሽነር ከቀዘቀዘ ክፍል ወደ ውጭ በወጣ ዕቃ ላይ ደግሞ ጠል ይቋጠራል። ወደ ጥገና የተወሰደ ሞኒተር ከመሰካቱ በፊት የአካባቢውን ሙቀት እስኪለምድና እስኪደርቅ ማቆየት ያድነዋል።

በኦማን የሥራ ቋንቋው ዓረብኛ ስለሆነ በዓረብኛ የተጫነ ዊንዶውስ ያጋጥማል። ያኔ ሜኑው በሙሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለበጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይቀየርም። ቋንቋውን የማያነብ ሰው በዴስክቶፑ ሜኑ ውስጥ የስክሪን ምልክት ያለበትን መስመር ይዞ መሄድ ይችላል። ዊንዶውስ የአማርኛ የቋንቋ ጥቅልም አለው።

ሞኒተር ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ ለሚልክ ሰው የኦማን ሶኬት ባለ ሦስት አራት ማዕዘን እግር የእንግሊዝ ዓይነት መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ ሞኒተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የኃይል ገመዱን መቀየር ብቻ ይበቃል። የኤሌክትሪኩ ቮልቴጅ ከስክሪን ጥራት ጋር ግንኙነት የለውም።

ዝቅተኛ ጥራትና የግዕዝ ፊደል

ጥራት ሲወርድ አማርኛ ከላቲን ፊደል ይበልጥ ይጎዳል። ተራ ባለ 12 ነጥብ ጽሑፍ በመደበኛው ስሌት በ16 ፒክስል ቁመት ውስጥ ይሳላል፤ የፊደሉ አካልና የድምፁ ምልክት ሁለቱም እዚያ ውስጥ መግባት አለባቸው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በእግራቸው ጫፍ ባለ ሰረዝና ቀለበት ነው። ነጥቡ ሲያንስ ቀለበቱ ይደፈንና ሁለቱ ይመሳሰላሉ። በአማርኛ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ጋዜጣ የሚያርም ወይም ልጆቹን ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ስለዚህ ጥራትን እንደ ቅንጦት ሊያየው አይገባም።

ግዕዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ በኋላ ፊደሉ በየኮምፒዩተሩ የመታየት ዕድል አግኝቷል። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጣ፤ በዊንዶውስ 10 ደግሞ በተጨማሪነት የሚወርድ ሆኖ ኤብሪማ ዋናውን ቦታ ይዟል። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከታየ ችግሩ የፎንት እንጂ የጥራት አይደለም። ፊደሉ ታይቶ ጠርዙ ከሻከረ ግን ክሊርታይፕ የተባለውን የዊንዶውስ ማጥሪያ ማስተካከል ይረዳል።

አዲስ ሞኒተር ከመግዛት በፊት

ሞኒተር በእርግጥ ተበላሽቷል የሚባለው የራሱ ሜኑ ሲደበዝዝ፣ ቋሚ መስመር ሲወጣበት ወይም በሌላ ኬብልና በሌላ ኮምፒዩተር ጭምር ያው ጉድለት ሲታይበት ነው። ከዚህ በፊት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ድራይቨር የሌለው ኮምፒዩተር አዲሱንም ሞኒተር በዚያው ዝቅተኛ ጥራት ያሳየዋል። ያገለገለ ሞኒተር የሚገዛ ሰው ደግሞ እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍቶ፣ በሚጠቀምበት ዓይነት ኬብል አስገናኝቶ፣ አንድ የአማርኛ ገጽ ያንብብበት። «ቢ»ና «ቤ» ተለይተው ከታዩት ይክፈል፤ ካልታዩት መጀመሪያ ኬብሉን ያስቀይር።