የዛፍ ቀለበትና የደን እሳት ታሪክ

ታሪክ በተባለ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው በብራና የተጻፈውን ዜና መዋዕልና በድንጋይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ነው። ነገር ግን የቤተ መንግሥት ጸሓፊ ስለ ዘመቻና ስለ ሹመት ሲጽፍ፥ በየተራራው ስለ ነደደው ደን አንድ ቃል ሳያነሣ ያለፈበት ጊዜ ብዙ ነው። ሰው ሳይጽፈው የቀረውን ይህን ታሪክ ዛፉ ራሱ በግንዱ ውስጥ ጽፎት ይገኛል።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚያልፍ መንገደኛ ሉማሜ ሲደርስ ግራና ቀኙን ቢመለከት የሚያየው የእህል ማሳና በየደጁ የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። አገር በቀሉ ጥድና ወይራ ተሰብስቦ የሚገኘው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው። እኛም ለሥራ ጉዳይ በዚያ ባለፍን ጊዜ፥ የጥንቱ ደን ወዴት ሄደ? ብለን ሽማግሌዎችን ጠይቀን ነበር። አንዱ መጥረቢያ ጨረሰው አሉን፤ ሁለተኛው እሳት በላው አሉ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሞፈር ነው አሉ። ሦስቱም እውነት ሊኖራቸው ይችላል፤ ይሁን እንጂ የትኛው በየትኛው ዘመን እንደ ሆነ የሚመሰክር ካልተገኘ ነገሩ ከግምት አያልፍም።

ምስክሩ እንዴት እንደሚናገር በአጭሩ እንግለጽ። የደጋው ጥድ ክረምት ሲገባ ይወፍራል፤ በጋው ሲበረታ እድገቱን ይገታል። ስለዚህ በየዓመቱ በግንዱ ዙሪያ አንድ ቀለበት ይጨምራል። ዝናብ የበዛበት ዓመት ቀለበቱን ሰፊ፥ ድርቅ የሆነበት ዓመት ጠባብ ያደርገዋል። በልግና ክረምት ተለያይተው በሚዘንቡበት አገር በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊታይ ስለሚችል ቈጠራው ያስቸግራል፤ እንደ ጎጃም አንድ ረጅም ክረምት ባለበት አገር ግን ነገሩ ይቀላል። ሊቃውንቱም በአንድ ዛፍ አይታመኑም፤ የብዙ ዛፎችን ሰፊና ጠባብ ቀለበቶች እያስተያዩ ዓመቱን ያጸናሉ። ለዚህም ዛፉን መቍረጥ ግድ አይደለም፤ ውስጡ ክፍት በሆነ መሰርሰሪያ እንደ እርሳስ የቀጠነ እንጨት ከግንዱ ማውጣት ይበቃል።

እሳት በግንዱ ሥር ባለፈ ጊዜ ከቅርፊቱ በታች ያለውን ሕያው ሽፋን በአንድ ወገን ይገድለዋል። ዛፉ ከተረፈ በሚቀጥሉት ዓመታት ከቍስሉ ዳርና ዳር አዲስ እንጨት እያበቀለ ይሸፍነዋል፤ ጠባሳው ግን በውስጥ ይቀራል። ጠባሳው ያረፈበትን ቀለበት በመቍጠር የእሳቱ ዓመት፥ በቀለበቱ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ መሆኑን በማየት ደግሞ ወቅቱ ይታወቃል።

ይህን የቀለበት ጥናት በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያስፋፋው አንድሩ ዳግላስ የሚባል አሜሪካዊ የከዋክብት ተመራማሪ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። ከዚያው ቤተ ሙከራ ቶማስ ስዌትናም በካሊፎርንያ ያሉትን ታላላቅ የሴኮያ ዛፎች መርምሮ በ1993 ያወጣው ጥናት ብዙ ያስተምራል። ከ1000 እስከ 1300 ገደማ አየሩ ሞቃት በነበረበት ዘመን እሳቱ ብዙ ጊዜ ይነሣ ነበር፥ ግን ትንንሽ ነበረ፤ አየሩ በቀዘቀዘበት ዘመን ግን እሳቱ አልፎ አልፎ የሚነሣ፥ ሲነሣም ሰፊ ቦታ የሚያዳርስ ሆኖ ተገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ዶክተር አስቴር ገብረ ክርስቶስ ያሉበት የተመራማሪዎች ቡድን በሰሜን ኢትዮጵያ ከሚገኙ ጥዶች ቀለበት ከ1811 ጀምሮ ያለውን የዝናብ ታሪክ አውጥቶ በ1917 ሳይሆን በዘመናችን በ2017 አሳትሟል፤ እነዚህ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። እጅግ የደረቁት ዓመታት በታሪክ ከሚታወቁ የረኃብ ዘመናት ጋር ተገጣጥመው ተገኝተዋል። ስለ እሳት ደግሞ ማሪያ ዮሐንሰን፥ ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው በ2012 ባወጡት ጥናት በከፍተኛ ተራራ ላይ የሚበቅለውን አስታ ተመልክተዋል። አስታ ከተቃጠለ በኋላ ከሥሩ ያቈጠቍጣል፤ ስለዚህ የቡቃያው ዕድሜ እሳቱ መቼ እንዳለፈ ይናገራል። በዚህ መንገድ አንድ ቦታ በአማካይ በ10 ዓመት አንድ ጊዜ እንደሚቃጠል ታወቀ። እረኞቹም የሚያቃጥሉት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ለከብቱ ለምለም ግጦሽ ለማግኘት፥ መርዘኛ አባ ጨጓሬ ለማጥፋትና አውሬ ለማራቅ ነው። በቅርቡ የተቃጠለውም ቦታ አዲሱን እሳት የሚያቆም ድንበር ይሆንላቸዋል።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ቀላል አይደለም። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና ከ100 ሺሕ ሄክታር የሚበልጥ ደን ነደደ፤ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሣርና አስታ ተቃጠለ። እንዲህ ያለ መከራ ሲደርስ የሚቀድመን ሐሳብ ባላገሩን መውቀስና እሳትን ሁሉ መከልከል ነው። የባሌው ጥናት ግን ክልከላው ቢከበር አስታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ ለታላቅ ቃጠሎ እንደሚመቻች ያስጠነቅቃል። ይህ ማለት እሳት ሁሉ ደግ ነው ማለት አይደለም። አስታ ከሥሩ ይነሣል፤ ቅርፊቱ የሳሳው ጥድ ግን ብዙ ጊዜ ከእሳት አይተርፍም። ስለዚህ ለተራራው ራስ የሚሆን ሕግ ለጥድ ደን አይሆንም፤ ሕጉን የሚያወጣ ሰውም አስቀድሞ የቦታውን ታሪክ ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህ ታሪክ ደግሞ በየቀኑ እየጠፋ ነው። በሉማሜም ሆነ በቢቸናና በሞጣ በየደብሩ ቅጥር አንድ ሽማግሌ ጥድ በነፋስ ሲወድቅ ለማገርና ለማገዶ ይቈራረጣል፤ ከእርሱ ጋር የብዙ ዘመን ምስክርነት ዐመድ ይሆናል። ስለዚህ መምህራንና የወረዳ ሠራተኞች ከደብሩ አለቃ ጋር ተነጋግረው፥ ከወደቀው ግንድ አንድ ክብ ቍራጭ አስመጋዝተው፥ ቦታውንና ዛፉ የወደቀበትን ቀን ጽፈውበት በትምህርት ቤት ቢያስቀምጡ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ። ተማሪውም በገዛ ጣቱ ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ እየቈጠረ የአያቱን ዘመን ሲደርስበት፥ ታሪክ ከመጽሐፍ ብቻ እንደማይገኝ ያስተውላል። መጽሐፍ ቢጠፋ ሌላ ቅጂ ይገኝ ይሆናል፤ የጥዱ ግንድ ግን ሌላ ቅጂ የለውም።