ሳይቃጠል በቅጠል
(በራዲዮ የተነገረ)



የጋይንትን፣ የስማዳንና የእስቴን አገር የሚያውቅ ሰው ቤተልሔምን ሳይሰማ አይቀርም። ድጓ የሚማር ደቀ መዝሙር ትምህርቱን በየትም ስፍራ ቢጀምር፣ ፍጻሜው በጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር ነው። የዚህም ሥርዐት ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በእጅ እየተገለበጠ የሚሄድ ነገር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ስሕተት ይገባበታልና፣ ሁሉም ከአንድ ከታመነ ምንጭ ጋራ ሊተያይ ይገባዋል። ዛሬ የምናገረው ስለ ዜማ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ይኸው ነው። ከአንድ ምንጭ የወጣ እርማት በብዙ ስፍራ ለተበተነው ቅጅ ሁሉ ሳይጐድልና ሳይበረዝ እንዴት ይደርሳል?

ኮምፒውተር የሚሠራው በሶፍትዌር፣ ይኸውም በተጻፈ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን የሚጽፈው ሰው ስለ ሆነ ስሕተት አይጠፋበትም፤ ከስሕተቱም አንዳንዱ ለሌባ የተከፈተ በር ይሆናል። ሠሪው ይህን ባወቀ ጊዜ የደኅንነት ማሻሻያ የሚባለውን እርማት ያወጣል። ነገር ግን እርማት መውጣቱ ብቻውን አያድንም። በጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም. ስላመር የተባለው ተውሳክ በ10 ደቂቃ ያህል ጊዜ ዓለምን ሲያዳርስ፣ እርማቱ ከወጣ ስድስት ወር ሆኖት ነበር። በዚያው ዘመን ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ከጥቅምት 1996 ዓ.ም. ጀምሮ እርማቱን በየወሩ በሁለተኛው ማክሰኞ ማውጣት ጀመረ።

ይሁን እንጂ ብዙ ሺህ ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን መኪና ለየብቻው ከኢንተርኔት እንዲያወርድ ቢያዝ፣ መስመሩ ይጨናነቃል፤ መስመር የሌለውም ይቀራል። ስለዚህ ኩባንያው ለብዙ ዓመታት የወሩን እርማት በየቋንቋው ሰብስቦ በዲስክ ምስል ያወጣ ነበር። የዲስክ ምስል ማለት የአንድ ሙሉ ዲስክ ይዘት ምንም ሳይጐድልበት በአንድ ፋይል ውስጥ የተቀመጠበት ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያወርደዋል፤ በዲስክ ላይ ይቀርጸዋል፤ ከዚያ በኋላ በበቅሎም ሆነ በአውቶቡስ ወደ ፈለገበት ይልከዋል። ኋላ መረቡ ሲሰፋ ይህ አሠራር በሌላ ተተካ፤ ሐሳቡ ግን መረብ ለማይደርስበት ስፍራ ዛሬም ይጠቅማል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሩቅ አይደለም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ወረዳኔት የተባለው መረብ የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን በሳተላይት ማገናኘት ጀመረ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ተቋቋመ። ነገር ግን መረብ ይቋረጣል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በንፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ያለ የመንግሥት ጸሐፊ መስመር ሲጠፋ፣ የመሬት መዝገብና የደመወዝ ሰነድ የያዘው ኮምፒውተር እርማት ሳያገኝ ይከርማል ማለት ነው።

የዚህም መዘዝ ምን እንደ ሆነ ዓለም አይቶታል። በመጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት አንድ ከባድ ስሕተት የሚደፍን እርማት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን፣ 59 ቀን ቆይቶ ማለት ነው፣ ዋናክራይ የተባለው ተውሳክ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ያዘ፤ በእንግሊዝም ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። መድኀኒቱ ተሠርቶ ነበር፤ ወደ በሽተኛው ግን አልደረሰም።

ይህን የሰማ ሰው «እኔ ከመረብ የራቅሁ ነኝና ምን ያገኘኛል?» ሊል ይችላል። በ2002 ዓ.ም. የተገኘው ስታክስኔት ግን ከመረብ ወደ ተለየ ፋብሪካ የገባው በፍላሽ እንደ ሆነ ይታመናል። ስለዚህ መድኀኒት የሚያመጣው ዲስክ መርዝም ሊያመጣ ይችላል። ከገበያ የተገዛ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ ዲስክ እርማት ሊባል አይገባውም። ሠሪው ከምስሉ ጋራ የቁጥር ማኅተም ያወጣል፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ማኅተሙ አይገጥምም። ይህንንም ማመሳከር ጥቂት ደቂቃ እንጂ ከዚያ በላይ አይፈጅም።

እንግዲህ፣ ክቡራን አድማጮች፣ ሥራው ሦስት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ እርማቱን ከታመነ ምንጭ የሚያወርድ አንድ ኀላፊ መሠየም፤ ሁለተኛ፣ ማኅተሙን ሳያመሳክሩ ወደ ሌላ አለመላክ፤ ሦስተኛ፣ ለየትኛው መኪና በየትኛው ቀን እንደ ተሰጠ በመዝገብ መጻፍ። ቤተልሔም ደርሶ ያላስመሰከረን ሰው ሊቃውንቱ የድጓ መምህር እንደማይሉት፣ ያልተመሳከረ ዲስክም በወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ መግባት አይገባውም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጠሉ በደጅ ሳለ ነው፤ ቤቱ ከነደደ በኋላ ቅጠል መፈለግ ድካም ብቻ ነው።